ያልተቆጠሩት ዝንቦች

አንገስ ቤትማን የተባለ እንግሊዛዊ የዘረመል ተመራማሪ በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጥናቱ የፍራፍሬ ዝንቦችን የሚመለከት ነበር። በአንዳንዱ ጠርሙስ ሦስት ሴትና ሦስት ወንድ፣ በሌላው አምስት አምስት አድርጎ ከተተ፤ ሦስት ወይም አራት ቀን አብረው ከቆዩ በኋላ የተወለዱትን አንድ በአንድ እያየ የማን ልጆች እንደሆኑ ለየ። ከወንዶቹ 21 በመቶው ጭራሽ ልጅ አላገኙም፤ ከሴቶቹ ግን ሳይወልዱ የቀሩት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንዱ ብዙ ሴት ባገኘ ቁጥር ልጆቹ ይበዛሉ፤ ሴቷ ግን አንድ ወንድ ካገኘች ሌላ ብትጨምር የሚጠቅማት ነገር የለም። ቤትማን ከዚህ ተነስቶ ወንድ በተፈጥሮው ሳይመርጥ የሚያሳድድ፣ ሴት ደግሞ ዝም ብላ የምትጠብቅና የምትመርጥ ናት አለ። ድምዳሜውንም ከዝንብ አልፎ እስከ ሰው ዘረጋው።

ጽሑፉ ለሃያ ዓመታት ያህል ብዙም አንባቢ አላገኘም። በኋላ ሮበርት ትሪቨርስ የተባለው ወጣት ተመራማሪ በሃርቫርድ ሳለ፣ ታዋቂው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኧርነስት ማየር አንብበው አለው። ትሪቨርስ በ1972 ወላጆች ለልጆቻቸው ስለሚከፍሉት ዋጋ የጻፈውን ትልቅ ንድፈ ሐሳብ በዚህ ሙከራ ላይ ገነባው። ከዚያ ወዲህ የቤትማን ግራፍ ያልገባበት የእንስሳት ባሕርይ መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

ሙከራው በቀላሉ የታመነው አዲስ ነገር ስላልተናገረ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው አመጣጥና ስለ ጾታዊ ምርጫ ባሳተመው መጽሐፍ ወንዱ ተፎካካሪና ቀልጣፋ፣ ሴቷ ቁጥብ እንደሆነች ጽፎ ነበር። ፉክክሩ የወንዱን አእምሮ ስለሳለው ወንድ በዕውቀት ከሴት ይበልጣል ብሎም ደምድሟል። እኔን የሚያስገርመኝ ይህን የጻፈው ሰው ማንነት ነው። ዳርዊን በባሕር ዓለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩትን ባርናክል የተባሉ ፍጥረታት ስምንት ዓመት ሙሉ አጥንቷል፤ ከእነዚህም ውስጥ ወንዱ ደቃቃ ሆኖ፣ ዘር ከመስጠት በቀር ሌላ ሥራ ሳይኖረው፣ በሴቷ አካል ላይ ተለጥፎ የሚኖርባቸውን ዝርያዎች ያገኘው ራሱ ነው። የተፈጥሮን ብዛት ከእሱ የበለጠ ያየ ሰው በዘመኑ ጥቂት ነው። ነገሩ ወደ ሰው ሲመጣ ግን የቪክቶሪያ ዘመን ሳሎን ውስጥ ያየውን የተፈጥሮ ሕግ አደረገው።

በዘመኑ ዝም አልተባለም። አሜሪካዊቷ አንቶይኔት ብራውን ብላክዌል በ1875 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ዳርዊን የወንዱን ጥንካሬ ሲቆጥር የሴቷን ሳይቆጥር እንዳለፈ በዝርዝር ተከራክራለች። ሌላዋ አሜሪካዊት ካሮላይን ኬናርድ በ1881 መጨረሻ ደብዳቤ ጽፋ፣ የሴት አእምሮ ያንሳል የሚለው በእርግጥ ከሱ መጽሐፍ የተወሰደ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም በጥር 1882 መለሰ፤ ሴቶች በምግባር ቢበልጡም በአእምሮ ያንሳሉ፣ እኩል ለመሆን እንደ ወንዶች እንጀራ ፈላጊ መሆን ይኖርባቸዋል፣ ያ ደግሞ ቤትንና ልጆችን ይጎዳል አለ። ኬናርድ በዚያው ወር መልሳ ጻፈች። ሴቶች ቀድሞውኑ ሠርተው አዳሪ መሆናቸውን አስታወሰችው፤ ማን ያንሳል ከማለት በፊት ዕድሉ እኩል ይሁን አለችው። ይህ ከስሜት የመጣ ተቃውሞ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር ለማወዳደር ሁኔታቸው አንድ መሆን አለበት የሚለው የማንኛውም ሙከራ የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ሕጉን ለታላቁ ሳይንቲስት ያስታወሰችው ደግሞ ብዙ የሳይንስ ማኅበራት በራቸውን የዘጉባት ሴት ናት። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የመጀመሪያዎቹን ሴት አባላት የተቀበለው በ1945 ነው፤ የቤትማን ጽሑፍ ከመታተሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ቤትማን የዲኤንኤ ምርመራ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዝንብ በዓይን የሚታይ የራሱ የዘር ምልክት እንዲኖረው አደረገ፤ የአንዱ ክንፍ የተጠቀለለ፣ የሌላው ፀጉር የወፈረ፣ የሌላው ዓይን ስንጥቅ እስኪመስል የጠበበ። ምልክቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። ክንፏ የተጠቀለለ እናት ዓይኑ ከጠበበ አባት ብትወልድ፣ ከልጆቹ ሩቡ ሁለቱንም ምልክት ይይዛሉ፤ ሩቡ የእናታቸውን ብቻ፣ ሩቡ የአባታቸውን ብቻ፣ የቀሩት ምንም። እናትም አባትም በእርግጠኝነት የሚታወቁላቸው የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች በአካል ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች ናቸው። አንድ ጉዳት የተሸከመ ዝንብ ይኖራል፤ ሁለት የተሸከመው ግን ብዙ ጊዜ ለመቆጠር ሳይደርስ ገና በትልነቱ ይሞታል።

ይህን ያሳዩት ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ጎዋቲና ሁለት ባልደረቦቿ ናቸው። ያንኑ ሙከራ በእነዚያው ምልክቶች ደግመው በ2012 አሳተሙት፤ ሁለት ምልክት ያላቸው ልጆች ከሚጠበቀው ሩብ በታች ሆነው ተገኙ። ልጆቹ ሲሞቱ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በእርግጥ የተገናኙ ወንድና ሴት እንዳልተገናኙ ይመዘገባሉ፤ ከብዙ ወንዶች የወለደችው ሴት በአንድ የረካች ትመስላለች። ቀደም ሲልም ጎዋቲ ከሌላ ባልደረባዋ ጋር የቤትማንን ሠንጠረዦች መርምራ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አንድ እናትና አንድ አባት ስላለው የእናቶች ልጆች ድምርና የአባቶች ልጆች ድምር እኩል መሆን አለባቸው። በቤትማን ቆጠራ ግን የአባቶቹ በልጦ ተገኘ። ይህ ስህተት ከ1948 ጀምሮ በታተመ ወረቀት ላይ ነበር፤ ለማየት ከመደመር ያለፈ ችሎታ አይጠይቅም።

ቤትማን ከስድስቱ ተከታታይ ሙከራዎቹ የመጀመሪያዎቹን አራቱን በአንድ ግራፍ፣ የኋለኞቹን ሁለቱን በሌላ ግራፍ አቅርቦ ነበር። በመጀመሪያው ግራፍ ላይ ሴቶቹም ብዙ ወንድ ሲያገኙ ልጆቻቸው ይጨምራሉ፤ ከወንዶቹ ያነሰ ጭማሪ ነው እንጂ ጭማሪው አለ። የመማሪያ መጻሕፍቱ እየመረጡ ያተሙት ሁለተኛውን ነው። ማንም ውሸት አልጻፈም። የጠበቁትን ውጤት ሲያገኙ እንደገና ለመቁጠር የተነሳ አልነበረም፤ አድልዎ በሳይንስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚኖረው እዚህ ይመስለኛል። ያልጠበቁት ውጤት ቢመጣ ኖሮ ሙከራው በዓመቱ ይደገም ነበር።

የጠበቁትን ሳይፈትሹ የማመን ልማድ በሜዳም ታይቷል። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ እህል የሚያጠፉ ቀይ ክንፍ ያላቸው ጥቁር ወፎችን ቁጥር ለመቀነስ የወንዶቹን የዘር ቱቦ ቆረጡ። በእነዚህ ወንዶች ክልል የሚኖሩት ሴቶች ግን የሚፈለፈል እንቁላል መጣላቸውን ቀጠሉ። ሴቶቹ የራሳቸውን ኑሮ ይኖሩ ነበር። ያኔ አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች አንድ ለአንድ ታማኝ ናቸው ተብሎ ይታመን ስለነበር ነገሩ አስገረመ፤ የዲኤንኤ ምርመራ ከመጣ በኋላ ግን በብዙ ዝርያዎች ከአንድ ጎጆ የተለያዩ አባቶች ልጆች እንደሚገኙ ተረጋገጠ። ተመራማሪዋ ሳራ ብላፈር ኸርዲም በሕንድ አቡ ተራራ ላንጉር የተባሉ ጦጣዎችን ስትከታተል ሴቶቹ ከመንጋቸው ውጭ ያሉ ወንዶችን ራሳቸው ሲጋብዙ አየች። እንደ ባሕርይ መዛባት አልቆጠረችውም፤ ምን ይጠቅማቸዋል ብላ ጠየቀች። አዲስ መጥቶ መንጋውን የሚይዝ ወንድ ግልገሎችን ይገድላል፤ አባትነቱን የሚጠራጠር ወንድ ግን እጁን ሊሰበስብ ይችላል፤ ስለዚህ እናቲቱ ልጇን እየጠበቀች ሊሆን ይችላል የሚል መላ ምት አቀረበች።

ከዚህ ተነስቶ ሁሉም ተገላበጠ ማለትም ስህተት ነው። በብዙ እንስሳት ወንዶቹ ከሴቶቹ የበለጠ ይፎካከራሉ፤ ይህ በሌሎች ጥናቶች ታይቷል። በሌላ በኩል በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች በቅጠል ላይ የምትራመደው ጃካና የተባለችው ወፍ ከወንዱ በአካል ትበልጣለች፣ ከብዙ ወንዶች ትወልዳለች፤ የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው። ለአንድ ዝርያ እውነት የሆነውን ለማወቅ ያንን ዝርያ ማየት ያስፈልጋል።

የወንድና የሴት ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ እኛንም በቀጥታ ይነካል። በ1970ዎቹ በሐዳር ድንቅነሽና ዘመዶቿ ከተገኙ በኋላ፣ ቅሪተ አካሎቹን ካጠኑት አንዱ ኦዌን ላቭጆይ የሰው ዘር በሁለት እግሩ የቆመው ወንዱ ለአንዲት ሴቱ ምግብ በእጁ ተሸክሞ ለማምጣት ነው የሚል ንድፈ ሐሳብ በ1981 አሳተመ። ተመራማሪዎቹ ናንሲ ታነርና አድሪየን ዚልማን ግን ቀድመው በ1970ዎቹ ልጅ ታቅፋ ምግብ የምትለቅመውን እናት ከታሪኩ መሃል አስቀምጠዋት ነበር። መነሻም ነበራቸው፤ በካላሃሪ የኩንግ ሰዎችን ያጠናው ሪቻርድ ሊ ከምግባቸው በክብደት ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዕፅዋት እንደሚገኝ፣ የሚለቅሙትም በዋናነት ሴቶች እንደሆኑ አሳይቶ ነበር።

ከሐዳር አጥንቶች ሊለካ የሚችለው የአካል መጠን ነው። ብዙ ተመራማሪዎች በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው ይላሉ፤ በዛሬዎቹ ትልልቅ ጦጣዎች ደግሞ እንዲህ ያለው ልዩነት የሚታየው ወንዶች ለብዙ ሴቶች በሚፋለሙበት ዘንድ እንጂ በባልና ሚስት ኑሮ አይደለም። ላቭጆይና ባልደረቦቹ በበኩላቸው ልዩነቱ እንደ ዛሬው ሰው መጠነኛ ነው ብለው ተከራክረዋል። ይህ ክርክር ተጨማሪ አጥንት ሲገኝና እንደገና ሲለካ ሊፈታ ይችላል። ምግቡን ማን ለማን እንዳመጣ ግን ከዳሌም ከጭንም አጥንት ሊነበብ አይችልም፤ ስለዚህ ያንን የሚነግረን ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከየት እንዳመጣው መጠየቅ አለብን።