«ሮጣ ወረደች» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ሙስካት የሚኖር ኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛን የሚለምደው ከመጽሐፍ ይልቅ ከሰው አፍ ነው። የሙትራህ ገበያ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ ጎረቤት ቤት የምትሠራው ፊሊፒናዊት፣ የክሊኒኩ ነርስ፣ ዐረብኛው አልሆን ሲል ሁሉም በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። ነጠላ ቃላቱ ቶሎ ይያዛሉ። የሚያስቸግረው ትናንት የሆነውን መተረክ ነው፤ ያን ጊዜ «እንዴት»፣ «ወዴት» እና «መቼ» ለሚሉት መልስ የሚሰጡት ቃላት ቦታቸው ይጠፋል።

የሚጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ትናንት ወደ ሱቁ ቀስ ብላ ሄደች» ስንል ጊዜው፣ ቦታውና አኳኋኑ ተሰልፈው «ሄደች»ን ይጠብቃሉ። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን እንደጠራ ግሡን ያስከትላል፤ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ይመጣል፦ «ሺ ዎክት ስሎውሊ ቱ ዘ ሾፕ የስተርደይ»። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። አማርኛውን ከመጨረሻው ቃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ፣ ሄደች፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ሱቁ፣ ትናንት፣ የእንግሊዝኛው ተራ እሱው ነው። ባለቤቱን ብቻ ከፊት ጨምሩበት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ መንገድ ያሳስታል። «ሳህኑን በጥንቃቄ አጠበች» የሚለውን እንዲሁ ብንገለብጠው «ዎሽት ኬርፉሊ ዘ ፕሌት» ይሆናል፤ ይህ በእንግሊዝኛ ስሕተት ነው። ተሳቢው ከግሡ አይለይም፤ በመካከላቸው ተውሳከ ግሥ፣ ማለትም እንዴት፣ ወዴት ወይም መቼ እንደሆነ የሚናገር ቃል፣ አይገባም። «ሺ ዎሽት ዘ ፕሌት ኬርፉሊ» ወይም «ሺ ኬርፉሊ ዎሽት ዘ ፕሌት» ማለት ነው።

የባሕረ ሰላጤ ኑሮ እዚህ ላይ ያግዛል። ሙስካት ቤት ውስጥ የሚሰማው «ብሱርዓ» ማለት «በፍጥነት» ነው፤ አሠራሩም ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ «በ» እና ስም። ዐረብኛም እንደ እንግሊዝኛው ቦታውንና አኳኋኑን ከግሡ ኋላ ያስከትላል። «ራሐት ኢላ ሩዊ ብሱርዓ» (ወደ ሩዊ ሰፈር በፍጥነት ሄደች) ማለት የለመደ ሰው ለእንግሊዝኛው «ሺ ዌንት ቱ ሩዊ ኩዊክሊ» ግማሹን መንገድ ሄዷል። እዚህ ቦታው ከአኳኋኑ መቅደሙን ልብ በሉ፤ እንደ «ዌንት» ባሉ የመሄድና የመምጣት ግሦች ይህ የተለመደ ነው።

ዋናው ችግር ግን ከቃል ተራ ይልቅ ጥልቅ ነው። የቋንቋ ምሁሩ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» እንዳሳዩት የአማርኛ እውነተኛ ተውሳከ ግሦች ጥቂት ናቸው። አኳኋንን የምንናገረው በሌላ መንገድ ነው፦ በ«በጥንቃቄ» ዓይነት፣ ወይም በሌላ ግሥ፣ «ሮጣ»፣ «ተደብቆ»፣ «ቀስ ብላ»። አቅጣጫውን ደግሞ ዋናው ግሥ ራሱ ይዞታል፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ተመለሰ። እንግሊዝኛ ሥራውን የሚያከፋፍለው በተቃራኒው ነው። አኳኋኑን ለግሡ፣ አቅጣጫውን ለትንሽ ቃል ይሰጣል። «ሮጣ ወደ በሩ ወረደች» ሲተረጎም «ሺ ራን ዳውን ቱ ዘ ጌት» ነው። የእኛ «ሮጣ» እዚያ «ራን» የሚለው ዋና ግሥ ሆነ፤ የእኛ ዋና ግሥ «ወረደች» ደግሞ «ዳውን» የምትባል ተውሳከ ግሥ ሆነች፤ «ቱ ዘ ጌት» መድረሻውን ጨመረ። እንዲሁ «ሾልኮ ወጣ» «ስሊፕት አውት» ነው፤ «ተመልሳ መጣች» «ኬም ባክ»። ለየግሡ አዲስ ቃል ከመፈለግ አውት፣ ኢን፣ አፕ፣ ዳውን እና ባክን ይዞ ብዙ መናገር ይቻላል። እኔ ብሆን ተማሪን የማስጀምረው ከእነዚህ ከአምስቱ ነው።

ጆሮም ያሳስታል። የኃላፊ ጊዜ ምልክቷ አንዳንዴ «ት» ናት፣ ዎሽት፤ አንዳንዴ «ድ»፣ ክሊንድ፤ ግሡ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ «ኢድ»፣ ዌይትኢድ። «ዎክት ቱ» ሲባል ሁለቱ «ት» ተጣብቀው «ዎክ ቱ» ይመስላሉ። የሰማነው ያለፈ ይሁን የዘወትር በድምፁ ብቻ ላይለይ ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ «የስተርደይ» ወይም «ላስት ናይት» ማለት ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ምልክቷ ቢዋጥም አድማጭ አይስትም።

ተውሳከ ግሡ የሚቆምበት ቦታ ትርጉም የሚለውጥበትም ጊዜ አለ። «ሺ ኳየትሊ ቶልድ ሚ ቱ ሊቭ» ብትሉ የነገረችኝ በለሆሳስ ነው። «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ሊቭ ኳየትሊ» ከሆነ ግን ድምፅ ሳላሰማ እንድወጣ ነው የታዘዝኩት። ቃሉ የሚገልጸውን ግሥ ተጠግቶ ይቁም፤ ደንቡ በአማርኛም ይኸው ነው።

ተውሳከ ግሥ እንደ «ቢሃይንድ» (ከ… ጀርባ) ያለ መስተዋድድንም ይገልጻል። ሙስካት ውስጥ ሰው ቤቱን የሚያመላክተው አብዛኛውን ጊዜ በታወቀ ቦታ ነው። «ልክ ከባንኩ ጀርባ» ለማለት «ጀስት ቢሃይንድ ዘ ባንክ»፤ አውቶቡሱ በቀጥታ ወደ ሩዊ ሄደ ለማለት «ዘ ባስ ዌንት ስትሬይት ቱ ሩዊ»። የእኛ «ከ… ጀርባ» ስሙን ከሁለት ወገን ይይዘዋል፤ የእንግሊዝኛው ግን አንድ ቃል ሆኖ ከስሙ በፊት ይቆማል።

ይህ ሁሉ ከሰዋስው ትምህርት ያለፈ ጥቅም የሚኖረው በችግር ቀን ነው። ልጅ ወድቆ ሐኪም ሲጠይቅ «ሂ ፌል ዳውን» መውደቁን ብቻ ይናገራል። «ሂ ፌል ዳውን ዘ ስቴርስ» ከደረጃ ላይ ወደ ታች መውደቁን፣ «ሂ ፌል ኦፍ ዘ ቼር» ከወንበር መውደቁን ይነግራል፤ «ጀስት ናው» ሲጨመር አሁን በቅርቡ መሆኑ ይታወቃል። ሐኪሙ ምርመራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው። በኦማን የድንገተኛ አደጋ ስልክ 9999 ነው። ከቁጥሩ ጋር እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዙ፤ አዲስ ለመጣች እህትም አስጠኗት።