የስልክ መስታወት ጣትን እንዴት ያውቃል?

ከባለ ቁልፍ ስልክ ወደ ተች ስልክ የተሸጋገረ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጣቱ ነው። ጣቱ መጫን ለምዷል። ቁልፍ ሲጫኑት ይሰምጣል፤ መነካቱም ይታወቃል። መስታወት ግን ዝም ይላል። ሰውየው ያልሰማ መስሎት አጥብቆ ይጫናል፤ ሲጫን ጣቱ ይቆያል። ስልኩ ደግሞ የቆየን ጣት እንደ ሌላ ትእዛዝ ስለሚቆጥረው ያልተፈለገ ነገር ይከፍታል። ብዙዎች “ይህ ስልክ ለእኔ አይሆንም” የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የሚፈታው ግን መስታወቱ ጉልበትን እንደማይለካ ሲታወቅ ነው። የሚለካው ኤሌክትሪክ ነው።

ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከኢንዲየምና ከቆርቆሮ ኦክሳይድ ነው፤ ይህ ቁስ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። መስመሮቹ እንደ ሸማ ድርና ማግ ቁልቁልና አግድም ይተላለፋሉ፤ ሆኖም አይነካኩም። በየመገናኛቸው ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይጠራቀማል።

ሰውነታችን ውኃና ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣት ወደ አንዱ መገናኛ ሲጠጋ ከዚያ ሙል ጥቂቱን ይወስዳል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይሰማንም። አንድ ትንሽ ቺፕ ግን መገናኛዎቹን ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞረ ይለካል። ሙል የጎደለባቸውን ቦታዎች አነጻጽሮ የጣቱን መካከል ያሰላና ለስልኩ ያሳውቃል። እያንዳንዱ መገናኛ ለብቻው ስለሚለካ ሁለት ጣቶችን አይቀላቅልም፤ ፎቶን በሁለት ጣት ማጉላት የተቻለው በዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን በጣት የሚነካ ስክሪንን የገለጸ ጽሑፍ ያሳተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ስልክ ላይ ከወጡት ቀደምት ስክሪኖች ብዙዎቹ ግን በሌላ ዘዴ ይሠሩ ነበር፤ ሁለት ስስ ንጣፎች ተጭነው ሲነካኩ ነበር የሚያውቁት። ለእነዚያ መጫን ያስፈልግ ነበር፤ ጥፍርም ሆነ እስክሪብቶ መሰል ዘንግ ያገለግል ነበር። አይፎን በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ሙልን የሚለካው ዘዴ ገበያውን ያዘ።

ይህን ያወቀ ሰው የተች ችግሮችን ራሱ ይመረምራል። ጥፍርና የሱፍ ጓንት የማይሠሩት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ነው። በሥራ ብዛት የደደረና የደረቀ ጣትም ምልክቱ ደካማ ይሆናል፤ ጣትን በጥቂቱ ማርጠብ ይረዳዋል። የውኃ ጠብታ ግን ራሱ የኤሌክትሪክ ሙሉን ስለሚያዛባ እጅና ስክሪን በደንብ ይጠረጉ። ወፍራም ወይም አየር የያዘ ስክሪን መከላከያም ንክኪውን ያደክማል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳለ ብቻ በራሱ የሚነካካ ከሆነ፣ ስክሪን ለማስቀየር ከመሮጥዎ በፊት ቻርጀሩን ቀይረው ይሞክሩት፤ ጥራት የሌለው ቻርጀር የሚለቀው የኤሌክትሪክ ረብሻ ቺፑን ሊያሳስተው ይችላል።

ለእኛ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። በመስታወት ላይ ያለ ቁልፍ ሥዕል ስለሆነ እንደ ቋንቋው ይለዋወጣል። በ12 ቁልፎች ላይ ተጨናንቀው የነበሩት 33ቱ ፊደላትና ሰባት ሰባት ድምፆቻቸው አሁን በቂ ቦታ አግኝተዋል። አንዱን ፊደል ሲነኩ ቤተሰቡ ሁሉ ተዘርግቶ ይቀርባል። እናቶቻችንና አባቶቻችን በገዛ ፊደላቸው መልእክት መጻፍ የሚችሉበት ዕድል ነውና በጣት ልማድ ምክንያት ሊያመልጣቸው አይገባም።

ስለዚህ ለወላጆችዎ ተች ስልክ ከገዙላቸው፣ ስለ መተግበሪያዎቹ ከማስረዳትዎ በፊት አንድ ነገር ያስለምዷቸው፦ ነካ አድርጎ ወዲያው ማንሳት። ስልኩን ተቀብለው እርስዎ አይነካኩላቸው፤ ታግሰው አጠገባቸው ይቀመጡና እነሱ በራሳቸው ጣት ይሞክሩት።