የጎበጠ መደርደሪያ ጥገና

የመደርደሪያ መጉበጥ ማለት በሁለት ጫፉ የተደገፈ ሰሌዳ ከተሸከመው ክብደት የተነሳ መሀሉ ላይ ወደ ታች መለመጥ ነው። በመጽሐፍ መደርደሪያ፣ በቁም ሳጥን፣ በኩሽናና በሱቅ መደርደሪያዎች ላይ በብዛት ይታያል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በዕቃው ክብደት ይላከካል፤ ይሁን እንጂ ከክብደቱ ይልቅ ወሳኙ በሁለቱ ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት ነው። በዚህም ምክንያት አብዛኛው የጎበጠ መደርደሪያ ሳይጣል፣ በጥቂት ጣውላና ኮላ ሊጠገን ይችላል።

የመጉበጥ ምክንያት

ዕቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል በተደረደረበት ሰሌዳ ላይ፣ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 16 ጊዜ (2×2×2×2) ይጨምራል። ውፍረት ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ የሰሌዳው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከግድግዳው ወደ ፊት ያለው ስፋት ግን ብዙም አያግዝም፤ በተመሳሳይ ጭነት ስፋቱን እጥፍ ማድረግ ጉብጠቱን በግማሽ ብቻ ይቀንሳል።

ለምሳሌ 18 ሚ.ሜ. ውፍረትና 25 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የቺፑድ ሰሌዳ እንውሰድ። አንድ ሜትር ሙሉ የተደረደሩ መካከለኛ መጻሕፍት 30 ኪ.ግ. ገደማ ይመዝናሉ። በዚህ ጭነት፣ ለቺፑድ በተለመደው ጥንካሬ ሲሰላ፣ 60 ሴ.ሜ. ርቀት ያለው ሰሌዳ 1.6 ሚ.ሜ. ያህል ይጎብጣል፤ ይህን ዓይን አያየውም። ርቀቱ 90 ሴ.ሜ. ከሆነ ግን ጉብጠቱ ከ8 ሚ.ሜ. ያልፋል። የተጨመረው 30 ሴ.ሜ. ብቻ ሆኖ ጉብጠቱ በ5 እጥፍ አድጓል።

ይህ የመጀመሪያው ቀን ጉብጠት ነው። እንጨትና ከእንጨት የተሠሩ ሰሌዳዎች ክብደት ሳይነሳላቸው ሲቆዩ ቀስ በቀስ መለመጣቸውን ይቀጥላሉ። ዩሮኮድ 5 የተባለው የአውሮፓ የእንጨት ግንባታ ደንብ በደረቅ ቤት ውስጥ ለዘለቄታው ለሚቀመጥ ጭነት፣ በመጀመሪያው ጉብጠት ላይ ለጣውላ 0.6 እጥፍ፣ ለኮምፔንሳቶ 0.8 እጥፍ፣ ለተለመደው የግንባታ ቺፑድ ደግሞ 2.25 እጥፍ ተጨማሪ እንዲታሰብ ያደርጋል። ስለዚህ ከላይ ያየነው 8 ሚ.ሜ. ከዓመታት በኋላ ወደ 27 ሚ.ሜ. ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ቺፑድ ከእንጨት ስብርባሪና ከሙጫ ተጨምቆ ስለሚሠራ እንደ ዋንዛ ወይም ጽድ ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ጭረት የለውም። እርጥበት ሲነካው ደግሞ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም።

ከመጠገን በፊት

መደርደሪያው ሙሉ በሙሉ ባዶ ይደረጋል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲባጎ ተወጥሮ፣ መሀል ላይ በሲባጎውና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ ከርዝመቱ አንድ ሁለት መቶኛ (በ90 ሴ.ሜ. ላይ 4.5 ሚ.ሜ.) ካለፈ መጠገኑ ተገቢ ነው። የሰሌዳው ሆድ ከተሰነጠቀ ወይም ቺፑዱ በውሃ ካበጠ ግን ጥገና ዋጋ የለውም፤ ሰሌዳው ይቀየራል።

ከመሀሉ ይልቅ ጫፎቹን ማየት ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ሰሌዳ ሲጎብጥ ጫፎቹ በትንሹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ በትናንሽ የብረት ፒን ላይ የተቀመጠ መደርደሪያም የሚያርፍበት ቦታ እያነሰ ይሄዳል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ሰሌዳው አይሰበርም፣ ከፒኑ ይንሸራተታል፤ ከላይ የወደቀውም የታችኛውን ይዞ ሊወርድ ይችላል። የፒኑ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ታች ከረዘመ ችግሩ ጀምሯል ማለት ነው።

ሰሌዳውን ገልብጦ ማስቀመጥ የቆየና ቀላል ዘዴ ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ርቀቱ ስላልተለወጠ ግን ተመልሶ ይጎብጣል።

የማጠናከሪያ መንገዶች

ከሁሉም የሚሻለው የመሀል ድጋፍ ነው። በመሀሉ አንድ ቋሚ ጣውላ ከገባ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጉብጠቱም ቢያንስ በ16 እጥፍ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚዘልቅ ሰሌዳ ላይ የመሀሉ ድጋፍ ከጠቅላላው ጭነት ስምንት እጅ አምስቱን መሸከሙ ነው። ስለዚህ ድጋፉ በታችኛው መደርደሪያ ሆድ ላይ ብቻ ቢያርፍ ሸክሙን ወደዚያ ማዛወር ይሆናል። ድጋፎቹ በአንድ መስመር ከላይ እስከ ወለል መውረድ አለባቸው።

የመሀል ድጋፍ ቦታ የሚያጣብብ ከሆነ የፊት ጠርዝ ማጠናከሪያ ይመረጣል። 2 ሴ.ሜ. ውፍረትና 5 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ በጠርዙ ቆሞ ከሰሌዳው ፊት ላይ በኮላና በብሎን ይያያዛል። የጣውላው ጥንካሬ ከቺፑድ ጋር እኩል ነው ብንል እንኳ፣ ይህ ጣውላ ብቻውን ከላይ ከተጠቀሰው 18 ሚ.ሜ. ሰሌዳ 1.7 እጥፍ ጉብጠትን ይቋቋማል። በተግባር የእንጨት ጣውላ ከቺፑድ 3 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጠንካራ ስለሆነ ውጤቱ ከዚህም ይበልጣል። ቁም ነገሩ ጣውላው መቆሙ ነው፤ ተኝቶ ቢለጠፍ ያን ያህል አይጠቅምም። ከመለጠፉ በፊት ሰሌዳው ከስር በድጋፍ እንጨት ተገፍቶ ቀጥ ማለት አለበት፤ ኮላው እስኪደርቅም ድጋፉ አይነሳም። የኋላው ጠርዝ ደግሞ ግድግዳ ላይ በተመታ ሞራሌ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከፊት ብቻ ተጠናክሮ ከኋላ ከተተወ ሰሌዳው ይጣመማል።

ሁለት ሰሌዳ መደራረብም ይቻላል፤ እዚህ ላይ ኮላው ሁሉን ይለውጣል። ሁለት ሰሌዳዎች ሳይጣበቁ ቢደራረቡ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት ጥንካሬያቸው እጥፍ ብቻ ነው። በሙሉ ገጻቸው በኮላ ከተጣበቁና በደንብ ተጫኑ ከተባለ ግን እንደ አንድ ወፍራም ሰሌዳ ሆነው 8 እጥፍ ይጠነክራሉ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መደርደሪያ

በግድግዳ ላይ የኤል ቅርጽ ባለው መደገፊያ ብረት የሚሰቀል መደርደሪያ ሁለት ብረት ብቻ ካለው፣ ብረቶቹን ከጫፎቹ ርዝመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ውስጥ ማስገባት ይጠቅማል። እንዲህ ሲሆን ጉብጠቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ከተደገፈው ከ15 ጊዜ በላይ ያንሳል፤ የሚጠይቀውም ወጪ የለም።

የብረቱ ረጅም እግር ግድግዳው ላይ ይውላል። ምክንያቱም የላይኛውን ብሎን ከግድግዳ የሚነቅለው ኃይል እግሩ ባጠረ ቁጥር ይጨምራል። 15 ኪ.ግ. የተሸከመ ብረት፣ ክብደቱ ከግድግዳው 12.5 ሴ.ሜ. ርቆ ሲያርፍ፣ እግሩ 15 ሴ.ሜ. ከሆነ ብሎኑን በ12.5 ኪ.ግ. ያህል ይስበዋል፤ እግሩ 7.5 ሴ.ሜ. ከሆነ በ25 ኪ.ግ.።

ብሎኬት መሀሉ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር የሚጨብጠው ነገር ሊያጣ ይችላል፤ ከቀዳዳው ጀርባ የሚከፈተው ዓይነት ይሻላል። ድሪሉም እየመታ ሳይሆን እየዞረ ብቻ መብሳት አለበት፤ አለዚያ የብሎኬቱ ቀጭን ግድግዳ ከውስጥ ይፈርሳል። በጭቃ ቤት ጭቃው ብሎን አይዝም፤ ብሎኑ መግባት ያለበት በቋሚው እንጨት ውስጥ ነው፤ ቋሚውም ግድግዳውን በማንኳኳት ሊፈለግ ይችላል። እንደ ጂፕሰም ቦርድ ባሉ ስስ ክፍልፋዮች ላይ ከባድ ዕቃ ከመስቀል ወለል ላይ የሚቆም መደርደሪያ ማሠራት ይመረጣል። ረጅም የቆመ መደርደሪያም ቢሆን አናቱ ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ልጅ ሲንጠላጠልበት ወደ ፊት ሊገለበጥ ይችላልና።

አደራደር

ተመሳሳይ ክብደት መሀል ላይ ሲከማች፣ በሙሉ ርዝመቱ ከተዘረጋው ይልቅ ጉብጠቱን 1.6 ጊዜ ያሳድገዋል። ስለዚህ ከባድ ድስት፣ የእህል ዕቃና ትልልቅ መጻሕፍት ወደ ጫፎቹ፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ መሀሉ ለቀላል ዕቃ ይተዋል።