ቪፒኤን፦ ቁልፉን የተለዋወጥነው ከማን ጋር ነው?

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ተዘግተው ለወራት በቆዩበት ጊዜ ቪፒኤንን፣ ማለትም ስልክን ከአንድ ሰርቨር ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘውን አፕሊኬሽን፣ የማያውቀውም ሰው ስልኩ ላይ ጫነው። አፕሊኬሽኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስለ አሠራሩ የሚወራው ወሬም አብሮ ተላለፈ። ወሬው ግን ብዙ ስሕተት አለበት።

ተረት፦ ስልኩና ሰርቨሩ የምስጢር ቁልፉን የሚላላኩት በዚያው በኢንተርኔት መስመር ነው፤ ስለዚህ መስመሩን የሚጠልፍ ቁልፉንም ያገኛል።

እውነታ፦ ቁልፉ በመስመሩ ላይ ጨርሶ አያልፍም። ይህን ያስቻለውን ዘዴ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን በ1976 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ ሄልማን ራሱ የራልፍ መርክል ስም አብሮ መጠራት አለበት ይላል። በትንሽ ቁጥር እንሥራው። ስልኩና ሰርቨሩ 3ን እና 17ን በግልጽ ይስማሙባቸዋል። ስልኩ 6ን በልቡ ይይዛል፤ 3ን ስድስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲያባዛ 729 ያገኛል፤ ለ17 አካፍሎ ቀሪውን 15 ይልካል። ሰርቨሩ በልቡ የያዘው 7 ነው፤ እርሱም 2,187 ላይ ደርሶ ቀሪውን 11 ይልካል። ከዚያ ስልኩ የደረሰውን 11 ስድስት ጊዜ፣ ሰርቨሩም 15ን ሰባት ጊዜ አባዝተው ለ17 ያካፍላሉ። የሁለቱም ቀሪ 8 ነው፤ ቁልፉ እርሱ ነው። ጠላፊው 3፣ 17፣ 15ና 11ን ሰምቷል፤ 8ን ግን ማንም አልላከም። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብትሞክሩት ደስ ይላል፤ እኔ ከዚህ የሚያምር ሒሳብ ብዙ አላውቅም።

እርግጥ 17 ትንሽ ስለሆነ ጠላፊው ሁሉንም ሞክሮ ይደርስበታል። በሥራ ላይ በ17 ቦታ የሚገባው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ600 በላይ አሃዝ አለው። መጠኑም ቀልድ አይደለም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ብዙ የቪፒኤን ሰርቨሮች ይጋሩት የነበረውን አንድ ባለ 1,024 ቢት ቁጥር የአንድ ትልቅ መንግሥት አቅም ሊሰብረው ይችላል።

ተረት፦ ቁልፉ ጠንካራ ከሆነ ሌላው ሁሉ ተጠብቋል።

እውነታ፦ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ያ ውብ ሒሳብ ቁልፉን የተጋራችሁት ከማን ጋር እንደሆነ አይነግራችሁም። ገዢና ሻጭን ሳያገናኝ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ዋጋ እንደሚነግር ደላላ፣ ጠላፊው መሐል ገብቶ ከስልኩ ጋር አንድ ቁልፍ፣ ከሰርቨሩ ጋር ሌላ ቁልፍ ይፈጥራል። ሁለቱም በምስጢር የተነጋገሩ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ሁሉንም ያነባል። የማንነት ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪፒኤን ቁልፍ መለዋወጫ ደንብ፣ አይኬኢ ቨርዥን 2፣ ቁጥሮቹ ከተላኩ በኋላ እያንዳንዱ ወገን ማንነቱን በላከው የመጀመሪያ መልእክት ላይ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል፤ በሰርተፊኬት (በዲጂታል የማንነት ወረቀት) ሲሆን ማረጋገጫው ዲጂታል ፊርማ ነው። መሐል ላይ ቁጥሩን የለወጠ ካለ ፊርማው አይገጥምም። ዋየርጋርድ የተባለው ሌላ የቪፒኤን ፕሮቶኮል ደግሞ ሰርተፊኬቱን ትቶ፣ ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላውን ይፋዊ ቁልፍ አስቀድመው እንዲያውቁ ይጠይቃል።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች የሚያደርጉት ነገር ያሳዝነኛል፦ ለደንበኞቻቸው በሙሉ አንድ የጋራ የምስጢር ቃል ሰጥተው፣ ቃሉን በድረ ገጻቸው ላይ ይለጥፉታል። ያንን ያነበበ ሁሉ ሰርቨሩ እኔ ነኝ ማለት ይችላል።

ተረት፦ ፓስወርዴ ረጅም ስለሆነ የቆየው የቪፒኤን ፕሮቶኮል ፒፒቲፒ ይበቃኛል።

እውነታ፦ አይበቃም። ፒፒቲፒ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀምበትን የፓስወርድ ማረጋገጫ ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዴቪድ ሃልተን በ2012 እ.ኤ.አ. ሰብረውታል። ፓስወርዱ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ የጠላፊው ሥራ አንድ ባለ 56 ቢት ቁልፍ መፈለግ ብቻ እንደሆነ፣ ይህም በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚያልቅ አሳይተዋል።

ተረት፦ ዛሬ ስልኬ ቢሰረቅ የዓመቱ ጭውውቴ ሁሉ ይፈታል።

እውነታ፦ የተቀዳው የመስመር ትራፊክ አይፈታም፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉት ቁልፎች ተጥለዋል። ዋየርጋርድ በየሁለት ደቂቃው ገደማ አዲስ ቁልፍ ያወጣል። ስልኩ ላይ ተቀምጦ የቀረው መልእክት ግን የቪፒኤን ጉዳይ አይደለም።

ተረት፦ ቪፒኤን ከበራ ማንም አያየኝም።

እውነታ፦ ምስጠራው የሚያበቃው ሰርቨሩ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ የት የት እንደምትገቡ የሰርቨሩ ባለቤት ያያል፤ አፕሊኬሽኑ በነፃ ሲሰጣችሁ የዚህን ባለቤት ስም መፈለግ ተገቢ ነው። ሰርተፊኬቱ አልታወቀም የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደግሞ «ቀጥል» የሚለውን አትጫኑ፤ መሐል የገባ ሰው ቢኖር ስልካችሁ የሚነግራችሁ በዚያች መልእክት ነው።