ሁለት ጊዜ እሳት የሚያየው ቦሎቄ

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ቦሎቄ እናወጋለን። ነገሩ ለሠራዊቱ ገጽ አነሰ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ደመወዝ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የማጀቱን ሁኔታ ባለቤቱን ይጠይቅ።

በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ የሚባል ሰፈር አለ፤ በእደ ጥበባቸው የታወቁት የገቦዬ ተወላጆች የሚኖሩበት ነው። እንደ ሌላው የሶማሌ ቤት ሁሉ እዚያም ዐምቡሎ የታወቀ ምግብ ነው። ትንንሹ ቀይ ቦሎቄ በዝግታ እሳት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ይቆይና ቅቤና ስኳር ተጨምሮበት ይበላል። ስኳሩ ለእኛ አፍ እንግዳ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ሊቀዳ የሚገባው ነው። ሜክሲኮዎች ደግሞ የተቀቀለውን ቦሎቄ አድቅቀው በስብ ይጠብሱታል። ፍሪሆሌስ ሬፍሪቶስ ይሉታል፤ «አብዝቶ የተጠበሰ» እንደ ማለት ነው።

ትዕግሥት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዕጩ መኮንንነታችን ዘመን አንድ ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን ቀይ ቦሎቄ ቀቀልን። አልዘፈዘፍነውም፤ ከሰሉም በወጉ አልተፋፋመም። ፍሬው ገና ቆርጠም ቆርጠም እያለ «በስሏል» ብለን በላን። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አራታችንም ስናስመልስ አደርን፤ የዘብ ተራችንን ሌሎች ሸፈኑልን። እኛስ ጎልማሶች ነበርን። በገበታው ዙሪያ የሦስት ዓመት ሕፃን ቢኖር ኖሮ?

ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድን የሚያውክ መርዝ አለው። አራት ወይም አምስት ፍሬ እንኳ ሊያሳምም ይችላል። መርዙን የሚሰብረው የሚንተከተክ ውኃ ነው፤ ሳይፈላ ለብ ባለ እሳት ብቻ ማቆየት ጭራሽ ያባብሰዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ጊዜው ይረዝማል።

እንግዲህ ለአምስት ሰው ሁለት ኩባያ ቦሎቄ ተለቅሞና ታጥቦ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። ጠዋት የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉት። በአዲስ ውኃ ግማሽ ሰዓት በኃይል ይንተክተክ፤ ከዚያ እሳቱ ይቀነስና በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይብሰል። ቲማቲምና ሎሚ ቀድመው ከገቡ ልጡ ይደድራል፤ ስለዚህ ይቆዩ። መቀቀያውን ውኃ ግን እንዳትደፉት፤ በኋላ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርት ይከተል። ቦሎቄው ጭልፋ በጭልፋ እየገባ በእንጨት ማንኪያ ይደቅደቅ፤ ሲደርቅ ከመቀቀያው ውኃ ጠብ ይደረግበት። (ይህ ክንድ የሚጠይቅ ሥራ ነውና ባል ቢያግዝ ማዕርጉ አይቀነስም።) ከድስቱ ግድግዳ መላቀቅ ሲጀምር ጨውና ቃሪያ ጨምሮ ማውጣት ነው። ለፍስክ ቅቤ፣ ለጾም ዘይት።

ከ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ 20 ግራም ያህሉ ገንቢ ፕሮቲን ነው። ሥጋ ከቤት በራቀበት ሳምንት ለልጆች ይህ ቀላል አይደለም። ለእነርሱ ቃሪያው ሳይገባ ቀድማችሁ አውጡላቸው። የተረፈውን ቀዝቃዛ ቦታ አሳድራችሁ ጠዋት በደንብ አሙቁት፤ ሌሊቱን በዘብ ያሳለፈው ሰው ዳቦ ይዞ ሲገባ ይደርስለታል።