የዓለም ሙዚቃ የሚባለው የቱ ነው?

ሙዚቃ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ «የዓለም ሙዚቃ» የሚባል የተለየ ክፍል እንዴት ሊኖር ይችላል? መልሱን ለማግኘት ከሎንዶን ተነሥቶ እስከ ጉለሌ መድረስ ያስፈልጋል።

ቃሉ በ1960ዎቹ በአሜሪካ በሙዚቃ መምህራን ዘንድ ይነገር ነበር። የገበያ ስም የሆነው ግን እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ነው (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የአነስተኛ ሸክላ አሳታሚዎች ሎንዶን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። ችግራቸው የዜማ ሳይሆን የመደርደሪያ ነበር፤ ከአፍሪካና ከእስያ የመጣውን ሸክላ ባለሱቆች የት እንደሚያስቀምጡት አያውቁም። ስለዚህ ተመካክረው ይህን ስም መረጡ፤ ለማስታወቂያውም ገንዘብ አዋጡ።

የመደርደሪያው ጥቅም አይካድም። በ1986 ቤልጅየም ውስጥ የታተመው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እና ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዘጋጃቸው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትሞች ለባዕድ ጆሮ የደረሱት በዚህ በር ነው። ማሕሙድም በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀብሏል። ይሁን እንጂ በጊታርና በሳክስፎን የታጀበው ዘፈኑ ለአዲስ አበባ ወጣት ዘመናዊ ሙዚቃ ነበር። ባሕር ሲሻገር ከህንድ ሲታርና ከማሊ ኮራ ጎን ተቀመጠ። ዜማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አድማጩ የቆመበት ስፍራ ነው። የአሜሪካው ግራሚ በ2020 ስሙ ቅኝ ግዛትን ያስታውሳል በማለት «ዓለም አቀፍ ሙዚቃ» በሚል ለውጦታል። ስሙ ተለወጠ እንጂ መደርደሪያው አልተነሣም።

እኛስ? ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ የሚገኘው የጉለሌው ሽሮ ሜዳ በሸማ የታወቀ ነው። ከሸማኔዎቹም ብዙዎቹ ከዶርዜና ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጡ፣ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። በሰሜኑ ደጋ አንዱ ሲያወጣ ተቀባዩ አንድ ዜማ ይመልሳል። በዶርዜ ዘፈን ግን ልዩ ልዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ይጠላለፋሉ፤ ድርና ማግ ተጠላልፈው አንድ ሸማ እንደሚሆኑ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ዶርዜ ድረስ ሄዶ ይህን ዘፈን ቀርጿል። ሸማውን ለብሶ የሚኮራው የከተማ ሰው ግን ዘፈኑን በበዓል ቀን ሲሰማ «የብሔረሰብ ጭፈራ» ብሎ ያልፈዋል። ይህስ የሎንዶኑ መደርደሪያ ታናሽ ወንድም አይደለምን?

እንግዲህ «የዓለም ሙዚቃ» የዜማ ዓይነት ሳይሆን የሩቅ ሰው ለማያውቀው ነገር የሚሰጠው ስም ነው። ነገ የራዲዮ ፕሮግራም የሚያወጣው ወይም የትምህርት መጽሐፍ የሚያዘጋጀው የዛሬው ተማሪና ወጣት ሠራተኛ ነው። እርሱም ስም ከመለጠፉ በፊት «ዜማው የማን ነው? ድምፁስ እንዴት ተሠራ?» ብሎ ይጠይቅ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የጎረቤታችንን ዜማ አስቀድመን ልናውቀው የሚገባን እኛው ነን።