ከየት ቆመህ አየኸው?

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ወጣት ሠራተኞች ስለ አንድ መስኮት ሲከራከሩ ሰማን። አንደኛው የመርሐ ቤቴ ልጅ ነው፤ ከጀማ ሸለቆ ሙቀት የመጣ በመሆኑ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ «ዝጋው፤ ብርድ ነው» ይላል። ሁለተኛው የጓሳን ውርጭ እየረገጠ ያደገ የመንዝ ልጅ ነውና «የምን ብርድ? ይልቅስ ቤቱ ታፍኗል» ሲል ይመልሳል። በመጨረሻ ቴርሞሜትር ይፍረድ ተባለና ታየ፤ 14 ዲግሪ ሆነ። ይህን ጊዜ ሁለቱም በአንድነት «አላልሁህም!» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን በሐሳባችን ሲመላለስ ሰነበተ። የሰው ስሜትና ወገን ያልነካው፣ ማንም ሊክደው የማይችል እውነት አለን? ወይስ ሁሉም ነገር እንደ ተመልካቹ ነው?

የፍልስፍና ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ኦብጄክቲቭና ሱብጄክቲቭ በሚሉ ሁለት ቃላት ያነሡታል፤ በእኛም ቋንቋ ነባራዊና ኅሊናዊ እየተባለ ይጻፋል። ነባራዊ የሚባለው ተመልካች ቢኖርም ባይኖርም እንዳለ የሚገኘው ነው፤ ኅሊናዊ የሚባለው ደግሞ በተመልካቹ ስሜትና አስተያየት ላይ የቆመው ነው። እንግዲህ «ብርድ ነው» ማለት ኅሊናዊ፣ «14 ዲግሪ ነው» ማለት ነባራዊ ነው ብሎ ክርክሩን መዝጋት የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም።

ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው በመሐል ሜዳ ግን አንዲት እናት የጣደችው ውኃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። በመርሐ ቤቴ በዓለም ከተማ፣ ቦታው ዝቅ ስለሚል፣ ወደ 92 ወይም 93 ይጠጋል። ምክንያቱም ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው፤ በደጋው ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም ስለዚሁ ነው። ታዲያ መጽሐፉ ዋሽቶናልን? አልዋሸንም፤ «በባሕር ወለል ላይ» የሚለውን ቃል አብረን ሳንይዝ ቀረን እንጂ። መለኪያውም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስዊድናዊው ሊቅ አንደርስ ሴልሲየስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1742 ባወጣው መለኪያ ውኃ የሚፈላበት ዜሮ፣ በረዶ የሚቀልጥበት ደግሞ 100 ነበር፤ ኋላ ተገልብጦ አሁን የምናውቀውን ሆነ። ቁጥሩን የመረጠው ሰው ነው፤ ውኃው ግን በሰው ምርጫ አይፈላም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። አንድ አነጋገር ነባራዊ የሚሆነው ተናጋሪው ከየትም ሳይቆም ስለ ተናገረው አይደለም። የቆመበትን ቦታ አብሮ ስለ ገለጸና ሌላው ሰው ከዚያው ቦታ ቆሞ ሊፈትነው ስለሚችል ነው።

በውኃ እንዲህ ከሆነ በሰው ጉዳይማ እንደምን ይሆን? መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈል እንደ ነበር፣ ስማቸውም በአገሬው ትውፊት ከሦስት አቅኚ አባቶች የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ አገር በአጽመ ርስት ሥርዓት፣ በአባትም ሆነ በእናት ወገን ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ለመጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ትውልድ መቁጠር የምሽት ጨዋታ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር። አንድ አያት ተዘለለ ማለት አንድ እርሻ ሄደ ማለት ነው።

ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሙግት ማን ይመስክር? ትውልዱን የሚያውቀው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ወገን አለው። ባዕድ ወገን የለውም፤ ነገር ግን ትውልዱን አያውቅም። የሚያውቅ ያደላል፤ የማያደላ አያውቅም። አባቶቻችን ግን ከዚህ ጭንቅ የተነሣ «እንግዲያስ እውነት የለም» ብለው አልተበተኑም። አንዱ ምስክር ሲቆጥር ባላጋራው «ይኸኛው ዘመዱ ነው፤ ያኛው ጠላቴ ነው» እያለ ይነቅፍ ነበር። ከወገን የጸዳ ሰው ባይገኝ ሁለቱን ወገኖች በአደባባይ ፊት ለፊት አቆሟቸው። በእርግጥ ሥርዓቱ ፍጹም አልነበረም፤ ባለጉልበት የረታበት፣ ሙግት ከአባት ወደ ልጅ የተወረሰበት ጊዜም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ። ዘዴው ግን ከርስቱ ጋር አልተቀበረም። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ወዲህ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ወሰኑ የሚለየው አዋሳኞች ባሉበት ነው፤ መዝገቡም ለሕዝብ እየታየ ቅሬታ ይሰማበታል። መሣሪያው የመሬቱን ስፋት ይናገራል፤ ድንበሩ የቱ ጋ እንደ ሆነ የሚናገረው ግን ጎረቤት ነው።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። እውነት ነው፤ የራስ ጉድፍ ግን ለራስ ዓይን አይታይም። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ሄደው የገበሬውን ኑሮ አጥንተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። የእኛን የቅኔ ልማድ፣ አንዱን ተናግሮ ሌላውን ማሰብን፣ ከዘመናዊ ኑሮ ጋር እያመዛዘኑ ጻፉ። የአገር ልጅ ሲያነበው የሚስማማበትም የሚከራከርበትም አያጣም። ይሁን እንጂ እንግዳው ያየው ባለቤቱ የለመደውን ነው፤ ባለቤቱ የሚያርመው ደግሞ እንግዳው ያልገባውን ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ግማሹን ያዘ።

ይህን የምንጽፈው ለሌላው ለማስተማር ብቻ አይደለም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣን በአንድ ቀበሌ ስለ ተቆፈሩ የውኃ ጕድጓዶች ጽፈን ነበር። ቁጥሩን ከአስተዳዳሪው ተቀበልን፣ ጕድጓዶቹንም በዓይናችን አየን። ጽሑፋችን በቁጥር የተሞላ ስለ ነበረ ከአድልዎ የጸዳ መሰለን። ኋላ በመንገድ ያገኘናቸው እንስራ ያዘሉ እናት «ልጄ፣ ጕድጓዱስ አለ፤ ውኃው ነው የሌለ» አሉን። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። እኛ ግን የቆምነው በአስተዳዳሪው በኩል ብቻ ነበር፤ መቆማችንንም አላወቅነውም።

እንግዲህ ነገ ሪፖርት የምትጽፍ ወጣት ሹም፣ ጥናት የምታቀርቢ ተማሪ፣ «እኔ ወገን የለኝም» ማለት አያስመካም። «ይህን ያየሁት ከዚህ ቆሜ ነው፤ የጠየቅሁትም እነዚህን ነው፤ የሚቃወመኝም ይህን ይላል» ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል። እንዲህ የተጻፈ ሪፖርት ቢሳሳት እንኳ የሚያርመው ሰው መግቢያ በር ያገኛል።

የመስኮቱ ነገርም በደህና አለቀ። የመንዙ ልጅ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ፤ የመርሐ ቤቴው ልጅ ጋቢውን እንደ ደረበ ወደ ጥጉ ተዛወረ። ቴርሞሜትሩ እስከ ማታ ድረስ 14 ይል ነበር።